ቦታቸውን የሳቱ ጡቶች

ቀኝ ጡቴ በሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የዘለለው የአንዲት ሙሽራ እናት ፀጉር እያደረቅኩ ሳለ ነው። ጂንካ ውስጥ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት አለችኝ። ሴትየዋ መስታወቱ ፊት ተቀምጣለች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ማድረቂያውን ከፍ አድርጌ ይዣለሁ። ክንዴን ባነሳሁ ቁጥር ቀኙ ጡቴ ወደ አንገቴ ብድግ ይላል፣ ክንዴን ስመልስ ይወርዳል። ግራው ግን ምንም ሳይመስለው ብብቴ ሥር ተጋድሟል። ሴትየዋ ዓይኗን ከራሷ ፀጉር አንስታ መስታወቱ ውስጥ እኔ ላይ ተከለችው።

«አንቺ፣ ደረትሽ ላይ የሚንቀሳቀሰው ምንድነው?» አለችኝ።

«የቱ?» አልኳት፣ ያልገባኝ መስዬ።

«ይሄ ነዋ! እንቁራሪት ደብቀሽ የገባሽ ነው የሚመስለው።»

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። አንዷ እንዲያውም በደንብ ለማየት ከወንበሯ ተነሳች። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? ፀጉሯን ጨርሼ ስሸኛት ጓዳ ገባሁና በሩን ዘግቼ ቀሚሴን ገለጥኩ። ክንዴን አነሳሁ። ቆዳዬ ሥር ክብ ነገር ተንሸራቶ ወጣ፣ ጠርዙ እንደ ሰሐን ከንፈር ታየኝ። ክንዴን አወረድኩ። ተመልሶ ገባ። አፌ ውስጥ ምራቅ ሞላ፣ ሊያስመልሰኝ ሲል እንደሚሆነው። የራሴ ገላ ነው፤ ግን ሬሳ የነካሁ ያህል እጄን በሳሙና ታጠብኩ።

የተወለድኩት ደርግ በወደቀበት ሰሞን እዚሁ ጂንካ ነው። አያቴ ከመንዝ በወታደርነት መጥቶ፣ መሬት ይዞ የቀረ ሰው ነበር። አባቴ ቢሮ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጣ፣ እናቴ ጨርቅ ትነግዳለች። ፀጉር መሥራት የተማርኩት አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ የራሴን ቤት ከፈትኩ። ባሌ ሾፌርም አስጎብኚም ነው። ፈረንጆቹን በላንድክሩዘር ጭኖ ወደ ቱርሚ፣ ወደ ዲመካ፣ ወደ ኦሞ ራቴ ይዞ ይወርዳል። ቆንጆ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ አራት ቋንቋ የሚሰባብር ሰው ነው። ወድጄው ነው ያገባሁት።

ሁለት ልጆች ወለድን። ሁለቱንም እስኪጠግቡ አጠባኋቸው፣ በተለይ ሁለተኛው ጥርስ አውጥቶ፣ ሮጦ፣ አፉን ሞልቶ እያወራም አልለቅም ብሎኝ ነበር። እሱን ሳስጥል ጡቶቼ ባዶ ሆነው ቀሩ። እውነቱን ለመናገር ልብም አላልኩት። ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ፣ ማን ቆሞ ደረቱን ይመለከታል?

አንድ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስለብስ ባሌ አልጋው ላይ ተጋድሞ ያየኛል።

«ካልሲ መሰሉ እኮ» አለ እየሳቀ።

«ምኖቹ?»

«ጡቶችሽ ናቸዋ። አሮጌ ካልሲ።»

ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ቅዳሴው ላይ ቆሜ ያሰብኩት ስለዚያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ልብስ ስቀይር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ጀመር። እሱ ደግሞ አንድ ጊዜ የጀመረውን ነገር ይተዋል? አዲስ አበባ ያመላለሳት አንዲት ደንበኛው ጡቷን አሠርታ «እንደ ልጃገረድ» ሆናለች አለኝ። ስልኩ ላይ የክሊኒኩን ፎቶዎች አሳየኝ። ጎን ለጎን የተለጠፉ፣ ፊት የሌላቸው ደረቶች፤ በፊት እንዲህ፣ በኋላ እንዲህ። ጎትቶ አልወሰደኝም። እያየሁ እያየሁ እኔም አማረኝ፣ ፈልጌ ሄድኩ።

ክሊኒኩ አዲስ አበባ፣ ፎቅ ላይ ነው፣ መስታወት በመስታወት የሆነ፣ እንደ ሽቶ ቤት የሚሸት። ሐኪሙ ውጭ አገር እየተመላለሰ የሚሠራ ወጣት ሰው ነው። አቁሞኝ ደረቴ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ አሰመረ። ሲያሰምር ከነርሷ ጋር ስለ ምሳ ያወራል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት የሲሊኮን ከረጢቶች አንዱን አንስቶ መዳፌ ላይ ጣል አደረገልኝ። ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ የሚያሟልጭ ነገር ነው። ያን ጊዜም ሰቅጠጥ ብሎኝ ነበር፣ ግን ዋጥኩት።

«አይንቀሳቀስም?» አልኩት።

«ሥጋሽ ይሆናል። ትንሽ ቆይተሽ እንዳለም ትረሺዋለሽ።»

«ፀጉር ሠሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ክንዴን አንስቼ ነው የምሠራው። እሱ ችግር የለውም?»

«ችግር የለም፣ ችግር የለም። ከጡንቻ ሥር ነው የምናስገባው፣ እንዲያውም የተፈጥሮ ይመስላል። ጂንካ ስትመለሺ አገሩ ይደነግጣል።» ሳቀ። ነርሷም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ከማደንዘዣው ስነቃ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ መሰለኝ። ከቀናት በኋላ ባሌ ሊወስደኝ በመኪናው መጣ። እስከ አርባ ምንጭ ደህና ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱ በዛ። ሁለቱን በሁለት መዳፌ ደግፌ፣ ጥርሴን ነክሼ መጣሁ። ወይጦ ስንወርድ ሙቀቱ የማይቻል ሆነ። ፋሻው ከላብ ጋር ተለውሶ የሆነ የከረመ ሥጋ ሽታ ሰጠኝ። መስኮቱን ከፍቼ ፊቴን ወደ ውጭ አወጣሁ። ባሌ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ያፏጫል።

መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ከላይ ደረቴ ላይ ተሰቅለው፣ ጠጥረው ነበር። «ይወርዳሉ» ብለውኛል፣ ጠበቅኩ። ግራው ወረደ። ወርዶ ግን አልቆመም። ወደ ጎን ሄደ። በጀርባዬ ስተኛ ተንሸራቶ ብብቴ ውስጥ ይገባል፤ ክንዴን ለማጠፍ ስሞክር የሆነ ሰው ነገሩን አስይዞኝ የሄደ ይመስለኛል። ሲንሸራተት ደግሞ ድምፅ አለው ብል ማን ያምነኛል? ጆሮ አይሰማውም፣ ገላ ግን ይሰማዋል፤ ጭቃ ውስጥ እግር ሲነቀል እንደሚለው ያለ ነገር። ቀኙ ባለበት ቀረ። እየጠጠረ፣ እየከበበ፣ ወደ አንገቴ እየቀረበ ሄደ። የራሴ ጡት፣ ልጆቼን ያጠባሁበት ቆዳ፣ ከሱ ሥር እንደ ተራ ነገር ተንጠልጥሎ ጫፉ መሬት መሬት ያያል። የግራው ጫፍ ወደ ክንዴ ዞሯል። መስታወት ፊት ስቆም አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ የሚያይ ዓይን ያለው ፍጡር የሚያፈጥብኝ መሰለኝ።

ባሌ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ ብሎት ነበር። እሱ ደስ ማለቱ አይደለም የከፋኝ፤ ማውራቱ ነው። አንድ ቀን የቤት ቁልፍ ልቀበለው ሾፌሮቹ ምሳ የሚበሉበት ቤት ሄድኩ። ገና በሩ ላይ ስደርስ ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ሁሉም ያየው ፊቴን አይደለም። አንዱ ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ፦

«አዲስ ጎማ ገባላት አሉ!» አለ።

ባሌ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ቁልፉን ወርውሮልኝ፣ ስመለስ ከኋላዬ «አሰላለፉም ይስተካከላል ገና» ሲል ሰማሁት። የወጡ ቅባት አገጩ ላይ እየወረደ ነበር። ስንት ዓመት በፍቅር ያየሁት አገጭ ነው። ያን ቀን ግን ቀፈፈኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሲበላ ማየት አልቻልኩም።

ክሊኒኩ ስደውል አንዲት ድምፀ ማር ልጅ ታነሳለች።

«የኔ ቆንጆ፣ ይሹት። ማሸት ነው። ወደ ታች ወደ ታች ይሹት፣ ይገባል።»

«አንዱ ወርዶ ጠፍቷል፣ አንዱ አልወርድም ብሏል። የቱን ነው የማሸው?»

«ሁለቱንም የኔ እናት። ጠበቅ ያለ ጡት ማስያዣ ያድርጉ።»

«ሐኪሙን ላነጋግረው።»

«ዶክተር ውጭ ነው። ሲመለስ እንደውልልዎታለን፣ እሺ የኔ ማር?»

አልደወሉም። እኔ ስደውል ሐኪሙ ሁሌም ውጭ ነው። እኔም ሰሞኑን ሁሉ በቅባት ማሸት ያዝኩ። መዳፌ ሥር ጠርዙ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። አንዳንዴ መሐል ላይ ትቼው መታጠቢያ ቤት ሮጬ አስመልሳለሁ። ለማንም አልነገርኩም። «እትዬ አረገዘች» ተብሎ ፀጉር ቤቴ ውስጥ መወራቱን የሰማሁት በኋላ ነው።

ቀኙ መቅላትና መጋል ሲጀምር ከተማው ውስጥ ካሉት የግል ክሊኒኮች ወደ አንዱ ሄድኩ። የመረመረኝ ልጅ ከኔ በዕድሜ የሚያንስ ነው። ቀሚሴን ስገልጥ ዓይኑ ፈጠጠ። እንዴት ሆነ፣ መቼ ጀመረ ሳይል በሩን ከፍቶ ተጣራ፦ «ኑ እስቲ፣ ይህን እዩ!»

ሦስት ሆነው ገቡ። አንዱ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነው፣ አንዱን ግን ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እጁ ላይ ሳምቡሳ ይዟል። አንዱ በጣቱ ጫን አደረገው። «ወይኔ፣ ይሄዳል እኮ!» አለ። ሌላው ስልኩን አወጣ።

«ስልኩን አስገባ» አልኩት።

«ለትምህርት ነው እህቴ፣ ፊትሽ አይታይም።»

«አስገባ ብያለሁ!»

ለካ ጮኼ ኖሯል፤ ውጭ የተቀመጡት በሽተኞች ሁሉ በበሩ ያዩኛል። ቀሚሴን እየጎተትኩ ወጣሁ። የነካኝ ጣት የሳምቡሳ ዘይት ነበረበት፤ ቅባቱ ቆዳዬ ላይ አብረቅርቆ ቀርቶ ቤት ስደርስ አየሁት።

ለፀጉር ቤቱ የሚሆን ቅቤ አልዱባ ገበያ ወርጄ ነው የምገዛው። ለዓመታት የምታቀርብልኝ አንዲት የበና ሴት አለች፤ ተሳስቀን፣ ተቀላልደን፣ እሷ በተሰባበረ አማርኛ እኔ በተሰባበረ በንኛ እንግባባለን። አንድ ማክሰኞ ባሌ ፈረንጆቹን ይዞ ወደዚያው ስለሚሄድ አብሬው ሄድኩ። ሴትዮዋ እንደ ልማዷ አቅፋ ሳመችኝ። ደረቷ ደረቴን ሲነካ ቀጥ አለች። ወደ ኋላ ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ሳትጠይቀኝ መዳፏን ቀኙ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ምንድነው? ድንጋይ ነው?»

«ሐኪም ያስገባው ነው» አልኳት።

«ለምን? ታሞ ነበር?»

«አልታመምኩም።»

እጇን ቶሎ አነሳችና ቆዳ ልብሷ ላይ ጠረገችው። ክፋት የለባትም፤ ትኩስ ነገር የነካ ሰው እንደሚያደርገው ነው። ግን ያ እጅ ያደረገውን እኔም ራሴን በነካሁ ቁጥር ነበር የማደርገው።

ይህን እያወራን ከኋላችን የካሜራ ድምፅ ሰማን። ከባሌ ፈረንጆች አንዱ፣ ትልቅ ቀይ ሰውዬ፣ ከጎናችን ተቀምጣ ልጇን የምታጠባ አንዲት ወጣት እናት ላይ ረጅም ካሜራውን ደግኗል። ባሌ አጠገቡ ቆሞ ልጅቷን «ዞር በይ፣ ልጁን ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ እንዲታይ» ይላታል። ልጅቷ ሕፃኑን ወደ ጎን ሳብ አደረገች። ጡቷ ከአፉ ወጣ፣ ወተት እየተንጠባጠበ፤ ሕፃኑ አለቀሰ። ሰውዬው አነሳ፣ አሁንም አነሳ። ባሌ ሳቀለት፣ አውራ ጣቱን አሳየው። ለካ የባሌ እንጀራ ይህ ኖሯል፤ ዞር በይ፣ ዝቅ አድርጊ፣ እንዲታይ። ዘለዓለሙን ይህንኑ ሲያደርግ ኖሯል፣ እኔ ግን ቆሜ አይቼው አላውቅም። ቅቤውን ሳልገዛ መኪናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ ሲመጣ።

«አስጠላኸኝ» አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ፣ ሞተሩን አስነሳ።

እናቴ ያወቀችው ትኩሳት ይዞኝ ስተኛ ነው። ልጆቹን ልታይ መጥታ እንደ እሳት ስፋጅ አገኘችኝ፣ ገላሽን ላብርድልሽ ብላ ፎጣ ነከረች። እምቢ አልኳት። «እኔ ነኝ የወለድኩሽ፣ ከኔ ምን ትደብቂያለሽ?» ብላ ልብሴን ሳበችው። አየችው። ፎጣው እጇ ላይ እየተንጠባጠበ ቆመች፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች። እናቴ ቁስል የማትፈራ፣ የሰው ሬሳ የምታጥብ ሴት ናት። ከኔ ላይ ፊቷን ስታዞር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለች ወደ ግድግዳው እያየች።

«ራሴ ሄጄ ነው።»

«አይ!» አለች። «አይ፣ አንቺ ልጅ! ምን አጎደለብሽ? ምን ነበረው?»

ከዚያ ተመለሰችና አጠበችኝ፤ ዓይኗን ጨፍና። ግራው ሥር ስትደርስ ከረጢቱ በፎጣው ውስጥ ሸሸት አለ። እሷ ግን አላቆመችም።

መድኃኒት ወስጄ ትኩሳቱ ጠፋ፣ ቅላቱም ቀነሰ። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ሰፊ ሸሚዝ ለብሼ፣ ላዩ ላይ ሽርጥ አስሬ። ያኔ ነው አንዲት ገና ያላገባች ደንበኛዬ ፀጉሯን ስትሠራ ስልኳን ወደ ላይ ያነሳችልኝ።

«እትዬ፣ እይው ይሄን። እንዲህ ልሠራ ነው። ከሠርጌ በፊት።»

ያ ክሊኒክ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ደረት፤ በፊት፣ በኋላ። ስልኩን ከእጇ ወስጄ ወደ ፊቴ አቀረብኩት። ከአንገቱ ሥር ጠቆር ያለ ማርያም የሳመችው ምልክት አለ። የራሴን ማርያም የሳመችው አላውቀውም? ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ ወደ ጂንካ ሳልነሳ ፋሻው በተቀየረበት ቀን፣ እብጠቱ ሁለቱንም እኩል አድርጎ ወጥሯቸው ሳለ፣ ነርሷ «ለሐኪሙ» ብላ ያነሳችኝ ፎቶ ነው። ሥሩ ላይ የሴቶች አስተያየት ተደርድሯል፦ «ውይ ሲያምር»፣ «ስንት ነው»፣ «የኔም እንዲህ ይሁንልኝ»። ደረቴ ከኔ ተለይቶ ገበያ ወጥቷል።

«ይሄ የኔ ነው» አልኳት።

«ምኑ?»

«ጡቱ። ነይ።»

እጇን ይዤ ጓዳ አስገባኋት፣ ፀጉሯ ግማሹ በቢጉዲን ተጠቅልሎ ግማሹ ተንጠልጥሎ። በሩን ዘጋሁ፣ ሸሚዜን ከፈትኩ። ክንዴን አነሳሁላት፣ አወረድኩላት። ወደ ጎን ጎንበስ ብዬ ግራው እንዴት እንደሚሄድ አሳየኋት። ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «በቃ፣ በቃ እትዬ፣ በናትሽ!» አለች። ሊያስመልሳት ሲል ባልዲውን አቀበልኳት።

ወጥተን ፀጉሯን ጨረስኩላት። ልትሄድ ስትነሳ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «የኔ ሐኪም ግን ሌላ ይሆናል አይደል? ያ ሰውዬ አሁን የለም ይሆናል።» ሄዳ ታሠራ፣ ትተወው፣ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ፀጉሯን ሌላ ቤት ነው የምትሠራው።

ፎቶውን እንዲያወርዱት ደወልኩ። ድምፀ ማሯ ልጅ «ያምራል እኮ የኔ ቆንጆ፣ ምን ሆነ?» አለችኝ። ደግሜ ስደውል ስልኬን ዘግታብኛለች።

ያን ሳምንት እናቴን ይዤ አዲስ አበባ ወጣሁ። አባቴ ወዳጆቹን ጠያይቆ ያገኘልኝ ሌላ ሐኪም ነበረች፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ቁጥብ ሴት። ክንድሽን አንሺ፣ አውርጂ፣ ተኚ፣ ተነሺ አለችኝ። ከዚያ ወንበሯን አቅርባ አስረዳችኝ። ግራው የገባበት ኪስ ከሚገባው በላይ ወደ ጎን ተሰንጥቋል፤ ስለዚህ የሚይዘው የለም። የቀኙ ኪስ ደግሞ ከታች በበቂ አልተከፈተም፤ ሰውነቴ ዙሪያውን ጠባሳ ሠርቶ ወደ ላይ ጨምቆታል። ከጡንቻ ሥር ስለሆነ ክንዴን ባነሳሁ ቁጥር ጡንቻው ይገፋዋል።

«ሁለት መንገድ አለ» አለች። «ኪሶቹን አስተካክዬ አዲስ ማስገባት እችላለሁ፤ ግን ምንም እንደማይደርስብሽ ቃል አልገባልሽም። ወይም አውጥቼ መዝጋት ነው። ካወጣሁት ደረትሽ እንደ ድሮው አይሆንም። ጠባሳ ይኖራል፣ ስርጉድ ይኖራል።»

«ያውጡልኝ።»

«አስቢበት። ባልሽንም አማክሪ።»

«ያውጡልኝ» አልኳት እንደገና። እናቴ ከጎኔ ሆና እጄን ጨበጠችው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ የወጡትን ማየት እንደምፈልግ ጠየቅኩ። ለምን እንደፈለግኩ አላውቅም። ነርሷ በብረት ሳህን ይዛልኝ መጣች። ስገዛቸው እንደ ውኃ የጠሩ ነበሩ፤ አሁን ቢጫ ሆነዋል። አንዱ ታጥፎ የተሸበሸበ፣ በላዩ ላይ ነጭ ክር የመሰለ የሥጋ ልባስ የለበሰ፤ ሌላው ለጥ ብሎ ሳህኑ ውስጥ በራሱ ፈሳሽ የሚዋኝ። ሳህኑ ሲነቃነቅ አብረው ተነቃነቁ። ይህን ነበር ደረቴ ውስጥ ይዤ ልጆቼን ያቀፍኩት። አስመለሰኝ፤ ያኔ ግን የመጨረሻው ነው። እናቴ ሳህኑን ከነርሷ ተቀብላ በጨርቅ ሸፍና ወደ ውጭ አወጣችው።

ባሌ ማታውን ደወለ።

«እንዴት ነሽ? አዲሱን አስገባችልሽ?»

«አላስገባችም።»

«እንዴት? ታዲያ እንዴት ልትሆኚ ነው?»

«እንዲሁ እሆናለሁ።»

«እኔስ?» አለ። ስልኩን ዘጋሁት። ጂንካ ስመለስ አልተጣላንም፣ ሽማግሌም አልተቀመጠም። ልብሱን ቀስ በቀስ ወደ ቱርሚ ወሰደ፣ ሥራው እዚያ በዛ ተባለ፣ እኔም ለምን አልመጣህም ብዬ አልጠየቅኩም። ለልጆቹ ይመጣል፤ ብርቱካን ይዞላቸው፣ ያጫውታቸዋል። ጥሩ አባት ነው። ምሳ ሲበላ ግን እኔ ወደ ጓሮ እወጣለሁ።

ደረቴ አላማረም፤ አምሯል ብዬ አልዋሽም። በቀኝ በኩል የታጠፈ ጠባሳ ቆዳዬን ወደ ውስጥ ስቦታል። በግራ ከረጢቱ የሄደበት መንገድ እስከ ብብቴ ድረስ ስርጉድ ሆኖ ቀርቷል። ሳሙናው እዚያ ሲገባ አሁንም አንዳንዴ ይቀፈኛል። ክንዴን ግን አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ፣ በሆዴ እተኛለሁ።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ ኦሞ ወንዝ ዳር ካለችው ካንጋተን ከተማ ቢሮ ተቀጥራ ስለነበር ልጠይቃት ሄድኩ። ሙቀቱ ለብቻው ነው። የምትኖርበት ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ የታጠረ መታጠቢያ አለ፤ ሴቶቹ ከሥራ ሲመለሱ ተሰብስበው ይታጠባሉ፣ አንዷ ለአንዷ እየቀዳች። እኔ ጥግ ይዤ ተራዬን ልጠብቅ ስል እህቴ «ነይ እንጂ፣ ውኃው ያልቃል» አለችኝ። ልብሴን አወለቅኩ። አንዲት የቢሮ ባልደረባዋ ደረቴን አይታ የምትቀዳበትን ጣሳ እንደያዘች ቆመች።

«ታመሽ ነበር እንዴ እህቴ?»

«አይ። ጡት አስተልቄ ነበር፣ ቦታውን ስቶብኝ አስወጣሁት።»

«ያማል?»

«አሁን አያምም።»

«እሰይ» አለችና ውኃውን ትከሻዬ ላይ ደፋችልኝ። በርሜሉ ፀሐይ ላይ ስለዋለ ለብ ብሎ ነበር። ወዲያው ወሬያቸው ወደ ወንዙ ዞረ፤ ዘንድሮ ኦሞ ሞልቶ የት ድረስ እንደሚመጣ፣ ትንኙ እንዴት እንደሚበዛ፣ አጎበር ከየት እንደሚገኝ። እህቴ ሳሙናውን አቀበለችኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ። አሸሁላት።